ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው ጥርስ፦ ዳይኖሰር ለጎጃም ምኑ ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ይጁቤ ገበያ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆነ ልንገራችሁ። ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ገበያዋ ላይ የደጋው ጤፍና ስንዴ ከቆላው ማሽላ ጋር ይገናኛል። ከተማዋን ለቃችሁ ወደ ደቡብ ከቀጠላችሁ ሜዳው ያልቃል፤ መሬቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ዓባይ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። የአገሩ ሰው ይሄን ገደል «ዓባይ በረሃ» ይለዋል።

እኔ በረሃውን መጀመሪያ ያየሁት በደጀን በኩል ነው፤ ተማሪ ሆኜ፣ ለመስክ ትምህርት ስንወርድ። መምህራችን አውቶቡሱን መንገድ ዳር አስቁሞ አወረደንና «ድንጋዩን ጠጋ ብላችሁ እዩት» አለን። ጠጋ ብለን አየን። ግድግዳው ዛጎል በዛጎል ነበር። የባሕር ዛጎል! አጠገባችን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ በእኛ ግርምት ይስቃል። ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረማ። «ይሄማ ቀንድ አውጣ ነው፤ የጥፋት ውኃ ያመጣው ነው ይላሉ» አለን። ከዚያ ለጥቆ አንድ ነገር ጠየቀን፦ «እናንተ ታዲያ ምን ልታረጉበት ነው?»

መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ሁላችንም ዛጎል በኪሳችን እየከተትን ነበር።

የልጁ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ዓለም ላይ በዳይኖሰር አጥንት ስሟን የተከለች ከተማ አለች። አጥንቱ ተጭኖ ሄዶባት ዛሬም ድረስ «የእኛ ነበር» የምትል አገርም አለች። እኛም በአንዲት የአፅም ቅሪት ምክንያት ራሳችንን «ምድረ ቀደምት» ብለን ጠርተናል። ታዲያ ከጎጃም ደጋ ሥር ስላለው ዓለም ለምን እንዲህ ዝም አልን?

ከላይ ወደ ታች

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ይጁቤ ላይ እርሻ ስታርሱ ዳይኖሰር አታገኙም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከተማዋ የቆመችበት ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰነጣጥቃ ያንን ቅላጭ እንደ ጎርፍ አፈሰሰችው፤ አብዛኛው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አምባ በእሱ ተሸፈነ። የጮቄ ተራራ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ዳይኖሰሮች ደግሞ (ወፎችን ካልቆጠርን) የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ እናንተ የምትረግጡት ጥቁር ድንጋይ ሲፈስ ዳይኖሰር ከጠፋ ቆይቷል። ወደ እነሱ ለመድረስ ያለው መንገድ መውረድ ብቻ ነው።

መውረጃውን ደግሞ ዓባይ ሠርቶልናል። ጨሞጋን የመሰሉ ከጮቄ የሚነሱ ገባሮችም አግዘውታል። ወንዝ ባይኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ለማየት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጉድጓድ መቆፈር ነበረብን፤ አስቡት እስቲ።

ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ፤ ጥንት ወንዞች ያነጠፉት ነው። የሙያው ስሙ «የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ» ነው። ከእሱ ሥር ጭቃ የነበረ፣ ቀይና አረንጓዴ ጥላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» ይባላል። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከዚያ ሥር ግዙፉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ያ ዛጎል የሞላበት፣ ባሕር የነበረበት ጊዜ። ስሙ «አንታሎ» ነው። ከኖራው ሥር ጄሶና ጭቃ ተደራርበዋል፤ ባሕሩ ገና ሲመጣ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየገባና እየተነነ የተወው ነው። እሱ «ጎሃ ጽዮን» ይባላል። ከሁሉም በታች ደግሞ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» አለ፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ደረቅ ምድር።

እዚህ ላይ ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ታሪክ አለውና። «አንታሎ» እና «አዲግራት» የሚሉትን ለድንጋይ የሰጠው ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ የመጣ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት፣ የመቅደላ መጻሕፍትና ቅርሶች በተጫኑበት በዚያው ጉዞ፣ ይሄ ሰውዬ ድንጋይ እየቆጠረ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉ በ1870 ታተመ። «ጎሃ ጽዮን»ን ለዓለም ያስተዋወቀው ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ጌታነህ አሰፋ የሚባሉ የሥነ ምድር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ስሙን ለዚያ ድርብርብ ድንጋይ ሰጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በ1991 በሙገርና በደብረ ሊባኖስ ድንጋዮች ላይ ጻፉ። ዛሬ የየትም አገር ተመራማሪ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ሲጽፍ እነዚህን ስሞች ሳይጠራ አያልፍም።

ልብ አላችሁ ግን? ከጠራኋቸው አምስት ስሞች ሁለቱ የትግራይ፣ ሦስቱ ከዓባይ ማዶ የሸዋ በኩል ናቸው። የጎጃም አንድም የለም። ወንዙ ግን ሁለቱንም ዳር እኩል ነው የቆረጠው። የጎጃም ልጅ ከሆናችሁ ትንሽ ልትቀኑ ትችላላችሁ፤ እኔ በበኩሌ ቅናታችሁን አልነቅፍም።

ጥርሱ

አሁን ወደ ሙገር ጭቃ ድንጋይ እንመለስ። ጊዜው ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ነው። ባሕሩ ወደኋላ እየሸሸ ነው። በቦታው ዝርግ ሜዳ፣ ዘገምተኛ ወንዞችና ረግረግ ቀርተዋል። ጮቄ የለም። ጉና የለም። ደጋ የሚባል ነገር ራሱ የለም። አፍሪካም ገና ከደቡብ አሜሪካ ጋር ተጣብቃ ነው ያለችው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከሰሜን ምዕራቡ የኢትዮጵያ አምባ፣ ከዚሁ ጭቃ ድንጋይ የወጡ የየብስ እንስሳት ቅሪቶችን የሚዘረዝር ጥናት አሳተሙ። ዕድሜውን ለማወቅ የረዳቸው ከድንጋዩ የተገኘ የጥንት ተክሎች ብናኝ ነው። እንደ አበባ ብናኝ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቀን ቆጣሪ ሆነ ማለት ነው። ከቅሪቶቹ መካከል ዳይኖሰሮች ይገኙበታል፤ ሥጋ በሎችም ሣር ቅጠል በሎችም። በ2011 ሆልና ጉድዊን በዳይኖሰሮቹ ጥርሶች ላይ ያገኙትን ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ፤ ጥርሶቹ የአንድ ወገን ብቻ አይደሉም፣ ብዙ ዓይነት ናቸው።

እንግዲህ «ዳይኖሰር» ስትባሉ ፊልም ላይ ያያችሁት ግዙፍ አፅም በዓይናችሁ መጥቶ ከሆነ ልታዝኑ ነው። የተገኘው በአብዛኛው ጥርስ ነው። ጥርስ ግን አይናቅም። ዳይኖሰር በሕይወቱ ሙሉ ጥርስ ይጥላል፣ ይተካል፤ ኢናሜሉም ከአጥንት ይልቅ ይበረክታል። ወንዝ አጥንቱን ሰባብሮ ሲበትነው ጥርሱ ይተርፋል። የሥጋ በላ ጥርስ እንደ ጩቤ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተነቀሰ ነው፤ የቅጠል በላው ሌላ ነው። ከአንዲት ጥርስ ተነስቶ ማን ምን ይበላ እንደነበር ማወቅ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ደቃቅ ነገር የሚፈልግ ሰው አፈሩን በከረጢት ሞልቶ፣ በውኃ አጥቦ፣ በወንፊት አጥሎ፣ የቀረውን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር ይለቅማል። እናቶቻችን ምስር ሲለቅሙ አይታችኋል አይደል? በቃ እሱ ነው፤ ልዩነቱ ከስንት ሰፌድ አንድ ፍሬ መገኘቱ ነው።

ከዚያ ለቀማ የተገኘው፣ ለእኔ ከዳይኖሰሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የአንድ ጡት አጥቢ ጥርስ ነው። ዊሊያም ክሌመንስና ባልደረቦቹ በ2007 አሳተሙት፤ ከኢትዮጵያ የጁራሲክ ጡት አጥቢ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። የዚያ ዘመን ጡት አጥቢዎች አብዛኞቹ ከአይጥ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። እኔና እናንተ የዚያው ሰፊ ወገን ዘመዶች ነን። ዳይኖሰሮቹ ሜዳውን ይዘውት ሳለ እሱ በእግራቸው ሥር ይሹለከለክ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቲ-ሬክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ የኖረው በሰሜን አሜሪካ፣ ከ66 እስከ 68 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አስሉት። ቲ-ሬክስ ከእኛ ከተማ የሙገር ዳይኖሰሮች ይልቅ በጊዜ ለእኛ ለራሳችን ይቀርባል። የሱ ዘመን ድንጋይ በዓባይ ገደል ውስጥ የለም፤ ከአሸዋ ድንጋዩ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ታጥቦ ሄዷል። እጃችሁን በሁለቱ ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ብታደርጉ አውራ ጣታችሁና ሌባ ጣታችሁ በዚያን ያህል ዘመን ይራራቃሉ።

አጥንት አገር ሲሠራ፣ አጥንት አገር ሲለቅ

አጥንት የአንድን አካባቢ ማንነት እንዴት ይሠራል? ድራምሄለር የምትባል የካናዳ ከተማ አለች። ጆሴፍ ቲረል እ.ኤ.አ. በ1884 በዚያ ሸለቆ የድንጋይ ከሰል ሲፈልግ የሥጋ በላ ዳይኖሰር ራስ ቅል አገኘ። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችው ግን በከሰሉ ነው። ከሰሉ ሲያበቃ ዳይኖሰሩ ቀረላት። በ1985 በቲረል ስም ትልቅ ሙዚየም ተከፈተ፤ ዛሬ ከተማዋ ውስጥ 26 ሜትር ገደማ የሚረዝም የዳይኖሰር ሐውልት ቆሟል፤ ሰው በሆዱ ገብቶ ደረጃ ወጥቶ በአፉ በኩል አገሩን ያያል። ቀልድ ይመስላል። ግን አጥንቱ እዚያው በመቅረቱ ነው ከተማዋ ራሷን በሱ መጥራት የቻለችው።

ተንዳጉሩን ደግሞ ተመልከቱ። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከሊንዲ ወደብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ድንጋዩ ከእኛ ሙገር ድንጋይ ጋር በዕድሜ ይቀራረባል፤ የእኛዎቹን ጥርሶች የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያነጻጽራቸው ከተንዳጉሩ ጋር ነው። አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሳለ፣ ከ1909 እስከ 1913 በርሊን የላከቻቸው ተመራማሪዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ የአገሬው ሠራተኞች ጉልበት ከሁለት መቶ ቶን በላይ ቅሪት አወጡ። ተሸካሚዎች በራሳቸውና በትከሻቸው ለቀናት እየተጓዙ ወደብ አደረሱት። ከዚያ የወጣው ጂራፋቲታን ዛሬ በርሊን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆሞ ከ13 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የዝርያ ስሙም «ብራንካይ» ነው፤ የሙዚየሙ ኃላፊ ለነበረው ለብራንካ መታሰቢያ።

ቦኸቲ ቢን አምራኒ የሚባል አፍሪካዊ የቁፋሮ አለቃ ነበር። ስሙ በዳይኖሰር ላይ የዋለው በ2007 ነው፤ «አውስትራሎዶከስ ቦኸቲ» ተባለ። በ2019 ደግሞ ሌላ ዳይኖሰር በአካባቢው ሕዝብ በዋምዌራ ስም ተጠራ። መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። አፅሙ ግን ዛሬም በርሊን ነው፤ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር አላለቀም።

የእኛም አገር ከዚህ አላመለጠችም። ከሐረር አካባቢ የወጣ የትልቅ የባሕር እንስሳ መንጋጋ ነበር፤ ኤርንስት ኖቫክ ለሚባል ኦስትሪያዊ መታሰቢያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1938 «ኖቫኪያኑስ» ተባለ። ስም ያወጣለት ፎን ሂውነ አንገተ አጭር የባሕር ተሳቢ፣ ፕሊዮሰር፣ አድርጎ ነበር የቆጠረው። በ1996 ሁለት ተመራማሪዎች እንደገና መርምረው የባሕር አዞ ወገን መሆኑን አሳዩ። እንስሳው ወገኑ ተስተካከለለት፤ ሐረር ግን ስሙ ውስጥ አልገባችም።

ድንቅነሽን ለማነጻጸር ያህል ላንሳት፤ ታሪኳን ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች። ሉሲ የሚለው ስም ከቢትልሶች ዘፈን መጣ፤ ድንቅነሽ የሚለውን እኛ ጨመርንበት። ዛሬ የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን «ሉሲዎቹ» ይባላል። ካፌው፣ ሆቴሉ፣ ሱቁ ሁሉ ሉሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የቱሪዝም መለያ «ምድረ ቀደምት» ሲባል ከጀርባው የነበረችው እሷና እሷን የመሰሉት ናቸው። አጥንቷ ግን አዲስ አበባ ነው የሚጠበቀው። ለጥበቃው ተገቢ ነው፤ ይሁንና የሐዳር ልጅ ሊያያት ቢፈልግ ዋና ከተማ ድረስ መምጣት አለበት። አጥንት ለአገር ስም ሲሰጥ ለመንደሩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል ማለቴ ነው።

ለጎጃምስ?

የጎጃም ሰው ማን ነህ ሲባል የሚጠራው አያጣም። ዓባይ አለ፣ ጮቄ አለ፣ ማኛ ጤፍ አለ፣ ቅኔው አለ፤ ደብረ ማርቆስ መንቆረር ተብላ በምትጠራበት ዘመን የነበረው ሁሉ አለ። በዚህ ላይ ዳይኖሰር ለምን ይጨመር? አንዳንዱ ሰው እንዲህ ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ ማንም ጥርስ አጥቶ አልከሰረም።

እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። እኛ ደገኞች ራሳችንን ከጥንት ጀምሮ እንዳልተነካ ከፍታ አድርገን ማሰብ ይቀናናል፤ ተራራው ሁልጊዜ የነበረ፣ ወንዙም ሁልጊዜ የወረደ ይመስለናል። ገደሉ ግን ሌላ ይናገራል። ይሄ ምድር በረሃ ነበር፤ ጨዋማ ኩሬ ነበር፤ ባሕር ነበር፤ ዳይኖሰር የሚመላለስበት ረግረግ ነበር፤ ከዚያ በእሳት ተሸፈነ። ደጋነቱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ይሄን የሚያውቅ ልጅ አገሩን አያንስበትም፤ ጥያቄው ይበዛል እንጂ። ደግሞ ብቻውን የቆመ ነገርም አይደለም። ጎንደር አካባቢ ጭልጋ ላይ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለው ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ተገኝተዋል፤ ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ በ2003 በኔቸር መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የደን ቅጠል ድንጋይ ላይ ታትሞ ይገኛል። ዓባይ በረሃን በዳይኖሰሩና በባሕሩ ጀምራችሁ፣ በሙሽና በጭልጋ ብትቀጥሉ፣ አንድ ክልል ውስጥ የምትጨርሱት ረጅም ታሪክ አላችሁ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያ፣ የገደሉ ድንጋዮች ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ቢቀመጡበት እኔ መጀመሪያ የማመጣው የይጁቤ ተማሪዎችን ነበር።

የሚያጣድፍ ነገርም አለ። የኖራ ድንጋይና ጄሶ ሲሚንቶ ነው። ሙገር የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከዳይኖሰር ሳይሆን ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ለሚ ላይም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ትልቅ ፋብሪካ ተመርቋል። ሲሚንቶ አይሠራ የሚል ሰው አይደለሁም፤ ቤት መሠራት አለበት። ድንጋይ በተቆረጠ ቁጥር ግን ማንም ያላየው ግድግዳ ለአንድ ቀን ይገለጣል፤ በማግስቱ ይፈጫል። በዚያች አንድ ቀን የሚያይ ዓይን ከሌለ የሚጠፋውን እንኳ አናውቅም።

ሕጉ በበኩሉ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። ስለዚህ ከይጁቤም ሆነ ከደጀን ወርዳችሁ፣ ከዛጎል ለየት ያለ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ነገር ድንጋይ ውስጥ ብታዩ በቢላዋ አትቆፍሩት። ስልካችሁን አውጡ፤ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከሩቁም አንድ አንሱ፤ ቦታውን መዝግቡ። ከዚያ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። «ልጆች ናቸው» ብለው ቸል ካሏችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ፣ ለዩኒቨርሲቲው ጻፉ።

ለምን ቦታው ይመዝገብ እንደምል ላሳያችሁ። ያን ቀን በኪሴ የከተትኩት ዛጎል አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወረቀት ይይዝልኛል። የኖራ ድንጋይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከደጀን መውረጃ እንዳነሳሁትም አውቃለሁ፤ ከየትኛው መታጠፊያ፣ ከየትኛው ንጣፍ፣ ከጄሶው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። አንድ ቀን ለአንድ ባልደረባዬ ለምርምሩ ልሰጠው ብዬ አሳየሁት። አገላብጦ አየው፤ «ቆንጆ ነው፤ ግን ከየት ነው?» አለኝ። በጣቴ ወደ ዓባይ አቅጣጫ ጠቆምኩት። ፈገግ አለና ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው።